ሰባት ቀዳዳ በቀኝ በኩል

የሰፊ ሚስት ቀሚሷ ከኋላ ሳይገጥም ቢሮ ትገባለች ቢባል የሚያምን የለም፤ የእኔዋ ግን ድፍን ሦስት ወር ገብታለች። ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች የሚሉት ለካ ለእኛም ነው። የቡናማ ቀሚሷ ዚፕ ማጅራቷ ሥር ሲያልቅ ከላይ የምትገጥመው ትንሽ መንጠቆ ነበረች፤ እሷ ወደቀች። “ተሼ፣ እባክህ ይቺን ነገር አንድ በልልኝ” ትለኛለች፤ “ነገ” እላታለሁ። የመንጠቆ ዋጋ ሃያ አምስት ሳንቲም፣ ሥራው የሁለት ደቂቃ ነው። ነገ ነገ እያልኩ ጊዜው ሄደ፤ እሷም መለመኑን ትታ በመርፌ ቁልፍ ማያያዝ ጀመረች። ጠዋት ጠዋት ጀርባዋን ታዞርልኛለች፣ እኔ ዚፑን ወደ ላይ እስባለሁ፣ መርፌ ቁልፉን ሰክቼ “በቃ” እላለሁ። ከአሥራ አንድ ዓመት ትዳር የቀረን ጨዋታ ይኸው ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

የዚያን ቀን፣ ሐሙስ ነበር፣ እንደ ወትሮው ጀርባዋን ስታዞርልኝ መርፌ ቁልፉን በእጄ ይዤ ዚፑን ሳብኩት። ጫፉ ላይ ስደርስ መንጠቆ አገኘሁ። አዲስ መንጠቆ። ከመንጠቆዋ ፊት ለፊት ደግሞ ሁሉም ሰፊ የሚያደርጋት የሽቦ ቀለበት የለችም፤ በእሷ ፈንታ ያለው የክር ቀለበት ነው። ክሩ ሰም ተቀብቶ ሦስት ጊዜ ተወርውሮ፣ ከዚያ ከጫፍ እስከ ጫፍ በጥቃቅን ቋጠሮ ተሸፍኗል፤ ቋጠሮዎቹ ተጠጋግተው እንደ ጤፍ ፍሬ ተደርድረዋል። ይህን ቀለበት አባታችን ሐረር ከአንድ አርመን ሰፊ ተምሮት ለሁለት ወንዶች ልጆቹ ብቻ አስተማረ። አንዱ እኔ ነኝ። ሌላው ታናሽ ወንድሜ መልአክ ነው። እኔ እስከማውቀው ድረስ ጅጅጋ ውስጥ ይህን የሚሠራ ሌላ ሰው አልነበረም፤ እኔ ደግሞ አልሠራሁትም።

ይህም ብቻ ቢሆን ምናልባት እችለው ነበር። ጣቴን ከአንገቷ ሥር አስገብቼ ገበሩን ገለበጥ አደረግኩት። ገበሩ አልተነካም። ቀሚስ እጅ ላይ ይዞ የሚሰፋ ሰው ይገለብጠዋል፣ ቋጠሮውን ገበሩና ጨርቁ መሃል ይደብቃል፤ ይሄኛው ቋጠሮ ግን ከላይ ቁጭ ብሏል። ክሩም በመቀስ አልተቆረጠም። መቀስ የበላው ክር ጫፉ ቀጥ ያለ ነው፤ የዚህኛው ጫፍ ተጨፍልቆ ተበትኗል፣ የጥርስ ሥራ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት መርፌ የያዘ ሰው ይህን ለማወቅ ጠንቋይ ቤት አይሄድም። ቀሚሱ የተሰፋው እሷ ለብሳው ቆማ ነው፤ ሰፊው ሲጨርስ አጎንብሶ፣ አፉን ማጅራቷ ላይ አስጠግቶ፣ ክሩን በጥርሱ በጠሰው።

“ምነው፣ እንቢ አለህ?” አለችኝ እናትአለም፣ ፊቷን ሳታዞር።

“ዘግቼዋለሁ” አልኳት።

ማን ሰፋልሽ ብዬ አልጠየቅኳትም፤ እሷም አልነገረችኝም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ሁለት ክፍል ቤታችን ውስጥ የሚሰማው አቡጀዲው ኮርኒስ በነፋስ ሲነፋና ሲረግብ ብቻ ነበር። ሻይዋን ቆማ ጠጣች፣ የዳቦውን ግማሽ ለእኔ ተወችልኝ፣ ነጠላዋን ማጅራቷ ላይ አደረገችና ወጣች። መርፌ ቁልፉ እጄ ውስጥ እንደተከፈተ ነበር፤ መዳፌን ሲወጋኝ እንኳ እስከማይታወቀኝ ድረስ ጨብጬዋለሁ።

ስለ መልአክ ብዙ ማውራት አልፈልግም፤ ግን ካልነገርኳችሁ ነገሩ አይገባችሁም። ከተለያየን ሁለት ዓመት ሆኖናል፤ ከዚያ በፊት አንድ ሱቅ ውስጥ ጎን ለጎን ነበር የምንሠራው። አንድ ቀን ደሃቦ የምትባል የጨርቅ ነጋዴ የባሏን ካፖርት ይዛ መጥታ፣ እኔ ልቀበላት እጄን ስዘረጋ፣ “ቁልፉን መልአክ ይሥራው። የአንተ ቁልፍ ይዘጋል ወላሂ፣ የእሱ ግን ያምራል” አለች። ሁላችንም ሳቅን። እኔም ስቄያለሁ። ከዚያን ቀን ወዲያ ግን ካውያው ለምን በረደ፣ ክሩ ለምን ባከነ፣ መቀሱ ለምን እዚያ ተቀመጠ እያልኩ ውሎውን መራራ አደረግኩበት። አንድ ጠዋት መቀሱን በጨርቅ ጠቅልሎ፣ “ደህና ሁን፣ ጋሼ” ብሎኝ ወጣ። ከመስጊዱ ባሻገር ሱቅ ከፈተ፣ ጨርቅም መሸጥ ጀመረ። ደንበኞቼ አንድ ሁለት እያሉ ተከተሉት። ፌኔት የምትባል የኤረር ልጅ ሲያገባ ሽማግሌ ልኮ ጠራኝ፤ ሥራ አለብኝ አልኩ። ማታውን ለእናትአለም፣ “ከዛሬ ጀምሮ የእሱን ስም እዚህ ቤት እንዳትጠሪ” አልኳት። ትክ ብላ አየችኝና “እሺ” አለች። እናትአለም እሺ ካለች እሺ ነው።

እኔም ሰፈሩን መርገጥ ተውኩ፤ ስለ እሱ ሊያወራኝ የሚጀምረውንም ሰው ወሬውን አስቆመው ነበር። ሥራውን ግን ከማየት የሚያድነኝ አልተገኘም፤ ሥራው በሰው ደረት ላይ ሆኖ በሱቄ በር ያልፋል። ሌላው ወንድ በመንገዱ ሴት ሲያይ እኔ የማየው የወንድ ደረት ነው። በተለይ ከጥቂት ወራት ወዲህ የሸሚዝ ቁልፍ ቀዳዳዎቹ ሌላ ነገር ሆነዋል። በእጅ የተከፈፉ፣ አንዱ ከአንዱ የማይበልጥ፣ ቁልፉን ሲያስገቡት ልስልስ ብሎ የሚገባ፣ ከገባ የማይወጣ። እንዲህ አድርጎ ሲሠራ አላውቀውም ነበር። ከእኔ ሲለይ ነው የተሻለው ማለት ነው። በየደረቱ ላይ ይህን እያነበብኩ እርር ድብን ስል ከርሜያለሁ፤ አሁን ደግሞ ሚስቴ ማጅራት ላይ መጣብኝ።

ሱቄን ከፍቼ የማሃሙድን ሸሚዝ አነሳሁ። ማሃሙድ የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ የልጁ ኒካህ፣ የጋብቻው ውል፣ በዚያው ቀን አሥር ሰዓት ላይ ስለሆነ ነጭ ሸሚዝ አዞኝ፣ የቀረው ቁልፉ ብቻ ነበር። ሥራው እጄ የሚያውቀው ሥራ ነው። በጠመኔ ምልክት ታደርጋለህ፣ በመኪና ዙሪያውን ትከፍፈዋለህ፣ በምላጭ መሃሉን ትከፍተዋለህ። እጄ እየሠራ እኔ ግን ሌላ ቦታ ነበርኩ። የት ቆማ ይሆን የሰፋላት? መጋረጃ ከኋላ አለው ወይስ የለውም? ጸጉሯን በእጇ ሰብስባ ወደ ላይ ይዛለት ይሆን? ጸጉሯን ካልያዘች እኮ እዚያ ቦታ መርፌ አይገባም። ትንፋሹ ሲያርፍባት ምን አለች? ሳቀች? ምላጩን እያስገባሁ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያልኩ ሰባቱንም ከፈትኳቸው። ንዴቴን በጨርቁ ላይ የተወጣሁ ይመስል እጄ ሲጨርስ ደስ አለው። ቁልፎቹንም በሌላው ፊት ሰፋሁና በካውያ ተኩሼ ሰቀልኩት።

ማሃሙድ ስድስት ሰዓት ላይ እየሳቀ ገባ። ሽቶ ቀብቷል፣ ጺሙን በሂና ነክሮታል። ሸሚዙን ለበሰና መስታወቱ ፊት ቆሞ ለመቆለፍ ደረቱን ዳሰሰ። ጣቶቹ ቁልፉን ሲፈልጉ አጡት። ወደ ታች አየ፣ ወደ እኔ አየ፣ እንደገና ወደ ታች አየ።

“ዋርያ ተሻለ፣ ይህ ሸሚዝ የእኔ ነው ወይስ የባለቤቴ?”

ቀዳዳዎቹ በቀኝ በኩል ነበሩ። የወንድ ሸሚዝ በግራው ላይ ይቀደዳል፣ ቁልፉ በቀኙ ይሰፋል፤ የሴት ተቃራኒው ነው። ይህን ሥራ የጀመረ ልጅ እንኳ በመጀመሪያው ሳምንት ያውቀዋል። የተሰፋ ይፈታል፤ በምላጭ የተቀደደ ጨርቅ ግን የሚመለስበት መንገድ የለም። ቀኝ ፊቱ በሙሉ ተነስቶ በሌላ መተካት አለበት፤ እኔ ጋ ደግሞ ከዚያ ጨርቅ የመሃረብ ታህል ትራፊ አልነበረችም።

“በአላህ፣ ሰው ምን ይለኛል?” አለ ማሃሙድ፤ ሳቁ ግን አልጠፋም፣ ደስታ ያለበት ሰው ነው። “የሙሽራው አባት የሚስቱን ሸሚዝ ለብሶ መጣ ይሉኛል። ግን አትጨነቅ። ጨርቁን የገዛሁት ከወንድምህ ነው፣ ከጣቃው ተርፎታል። ሂድና ውሰድ። አሥር ሰዓት ግን አሥር ሰዓት ነው።”

ከዚህ ከተማ ሁሉ ጨርቁን የገዛው ከእሱ ነው! እምቢ እንዳልል ጥፋቱ የእኔ ነው፤ እሺ እንዳልል እግሬ እሳት ላይ የሚረግጥ መሰለኝ። ከዚያ ደግሞ ሌላ ሐሳብ መጣልኝ፤ ጥሩ ሰበብ ተገኘ አልኩ። ሄጄ ፊቱን አየዋለሁ። ሰው ፊቱ አይደብቅለትም። ሸሚዙን በላስቲክ አድርጌ ሱቄን ዘጋሁ።

ስድስት ተኩል አልፏል። ጅጅጋ በዚህ ሰዓት ትተኛለች፤ ሱቁ ሁሉ በሩን ወርውሮታል፣ ጫታቸውን በብብታቸው ሸጉጠው ወደየቤታቸው የሚጣደፉ ሰዎች ብቻ ናቸው መንገድ ላይ ያሉት። ነፋሱ አቧራውን ከሜዳው እያፈሰ ዓይን ውስጥ ይበትናል። የእናትአለም መሥሪያ ቤትም ለምሳ ወጥቷል። ምሳ ሰዓት ወዴት እንደምትሄድ ጠይቄያት አላውቅም፤ እኔ ሱቄ ሽሮዬን አስመጥቼ እበላለሁ፣ እሷ ደግሞ ከሥራ ባልደረቦቿ ጋር ትበላለች ብዬ ነው የኖርኩት። ከመስጊዱ ጥግ ዞር ስል የመልአክን ሱቅ አየሁት። ከእኔ ይሰፋል። በሩ ግማሽ ድረስ ወርዷል። ከውስጥ የሴት ሳቅ ይሰማል። ሳቁን ለመለየት ጊዜ ወሰደብኝ፤ ምክንያቱም ቤታችን ውስጥ ከሰማሁት ዓመት አልፎታል።

ጎንበስ ብዬ ገባሁ። ከብርሃን ስለመጣሁ መጀመሪያ ያየሁት ነጭ ነገር ብቻ ነበር፤ የሸሚዝ ነጭ። ከዚያ ዓይኔ ለመደ። ወንድሜ መሃል ላይ ቆሟል፤ እናትአለም ፊት ለፊቱ ቆማለች፤ እጆቿ ደረቱ ላይ ናቸው። ቁልፎቹ ላይ። አንዱን ይዛ ነበር፣ ከላይ ሁለተኛውን።

ምን እንዳልኩ አላስታውስም። ዓይኔ ደም ለብሶ ነበር። እሷን ገፍቼ ኮሌታውን ጨበጥኩትና ሳብኩት፤ ቁልፎቹ ተበጥሰው ሲሚንቶው ላይ ሲንጠባጠቡ ሰማሁ። “እጅህን አንሳ!” አልኩት። “ወንድ ከሆንክ እጅህን አንሳና ምታኝ!” መልአክ አልመታኝም። ግራ እጁን አንስቶ ክንዴን ያዘኝ እንጂ ቀኙ ከጎኑ አልተነሳም። ቀኝ እጁን ራሴ ይዤ ወደ ላይ አነሳሁት፣ ምታኝ ለማለት። ጣቶቹ ሞቃት ናቸው፤ ግን አይጨብጡም። ስለቀው ወርዶ ጭኑ ላይ ተንጠለጠለ። አንጓው ላይ ከዳር እስከ ዳር የተሰፋ ጠባሳ አለ።

ከመጋረጃው ኋላ አንዲት ወጣት ወጣች፤ መርፌና ክር በእጇ፣ ጣቷ ላይ የብረት ቆብ አጥልቃለች። ነፍሰ ጡር ናት። ፌኔትን ያየኋት ያን ጊዜ ነው፤ ከዓመት በላይ የወንድሜ ሚስት ሆና አላውቃትም ነበር። ማን እንደሆንኩ ሳይነገራት ገባት መሰለኝ፣ “ጋሼ፣ ይቀመጡ” አለችኝ። መርፌዋን አልጣለችም።

“ምን ሆነ?” አልኩ፣ ለማን እንደምናገር ሳላውቅ።

የመለሰችልኝ እናትአለም ናት። ግድግዳው ላይ ተደግፋ፣ ክርኗን እያሸች፣ ድምጿን ሳታነሳ ነገረችኝ። አራት ወር ሆኖታል። ከሐረር ጨርቅ ጭኖ ሲመለስ ካራማራ ቁልቁለቱ ላይ አይሱዙው ተገለበጠ፤ የመስኮቱ መስታወት አንጓው ላይ ጅማቱን በጠሰው። ሐኪም ቤት ሦስት ሳምንት ተኛ። እሷ ምሳ ሰዓት ምሳ ሰዓት ትጠይቀው ነበር፤ ከወጣም በኋላ አልተወችም። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ መልአክ መርፌ አልያዘም። እሱ ጎኗ ተቀምጦ በአፉ ይነግራታል፣ ፌኔት ትሠራለች፤ ያበላሸችውን ታፈርሳለች፣ እንደገና ትሠራለች። ሸሚዙንም የሚቆልፍለት ሰው ነው፤ ጠዋት ፌኔት፣ ላብ ሲያስቀይረው የተገኘ ሰው። “ትናንት ያ መርፌ ቁልፍህ ተከፍቶ አንገቴን ወግቶ አደማኝ” አለች፤ “ፌኔት አይታ አዘነችልኝ። ተቀመጪም አላለችኝ፣ እንደቆምኩ ሰፋችልኝ።”

“አራት ወር!” አልኳት። “አራት ወር ሙሉ አንድ ቃል አትነግሪኝም?”

“ስሙን እዚህ ቤት እንዳትጠሪ አልከኝ” አለች እናትአለም። “አልጠራሁም።”

ላስቲኩ ከእጄ ወድቆ ሸሚዙ ግማሹ ወጥቷል። ፌኔት ጎንበስ ብላ አነሳችው፤ ሆዷ እያስቸገራት ቀስ ብላ ቀና አለችና ፊቱን ገለጥ አድርጋ አየችው። አንዲት ሰፊ የሌላውን ሰፊ ስህተት ስታይ ምን እንደሚሰማት አውቃለሁ፤ በእሷ ፊት ላይ ግን ምንም አላየሁም። “ትራፊው መደርደሪያው ላይ አለ። ዘጠኝ ተኩል ላይ ይደርሳል” አለች። የከፈትኳቸውን ሰባት ቀዳዳዎች በአውራ ጣቷ እየዳሰሰች አለፈቻቸው። ጣቶቿ ቀጫጭን ናቸው። በየሰው ደረት ላይ ሳያቸው የከረምኩት፣ ከእኔ ሲለይ ተሻለ ብዬ የተቃጠልኩባቸው ሥራዎች ሁሉ የእነዚህ ጣቶች ነበሩ። አራት ወር ሙሉ እጅ በሌለው ሰው ስቀና ኖሬያለሁ።

ወደ መልአክ ዞርኩ። ሸሚዙ ደረቱ ላይ ተከፍቶ በርጩማ ላይ ተቀምጧል፤ ሊገጥመው በግራ እጁ ይሞክራል። ከስቷል። አባታችንን መስሏል።

“እሷስ ቃሏን ጠበቀች እንበል” አልኩት። “አንተስ? የእናትህ ልጅ አይደለሁ? አንድ ሰው ልከህ ወንድምህ እንዲህ ሆነ አትለኝም?”

መልአክ ሲያየኝ ቁጣ የለበትም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

“ደስ እንዳይልህ ብዬ ነው፣ ጋሼ” አለኝ። “እጄን ማጣቴን እችለዋለሁ። አንተ ደስ ሲልህ ማየት ግን አልችልም ብዬ ነው።”

“ምን አልክ?” ብዬ ልጮህበት፣ አንተ ባለጌ፣ ወንድምን እንዲህ ይጠረጥሯል ልለው አፌን ከፈትኩ። ግን እውነቱን ልንገራችሁ። ያንን እጅ አንስቼ ስለቀው፣ ሲወድቅ ሳየው፣ ቀድሞ የመጣው ሐዘን አልነበረም። ሐዘኑ ኋላ መጥቷል፣ መጥቶም ዛሬ ድረስ አልሄደም። ከእሱ በፊት ግን የዓይን እርግብግቢት ለምታህል ጊዜ፣ ደረቴ ላይ ሁለት ዓመት ተጭኖ የኖረ ድንጋይ ተነሳልኝ። ቀለል አለኝ። እንግዲህ በዚህ ከተማ ከእኔ በላይ ማንም የለም አልኩ። እንዲህ ብዬ በአፌ አልተናገርኩም፤ ፊቴ ግን ተናግሮ ኖሯል። መልአክ ፊት ለፊቴ ነበር፣ ያየውን አይቷል። አሁን አፌን ከፍቼ ቃል ሲጠፋኝ ደግሞ እናትአለም ከግድግዳው ተላቃ አንድ እርምጃ ቀረበችና ፊቴን አየችው። አሥራ አንድ ዓመት የምታውቀው ፊት ነው።

የምሳ ሰዓቱ ሊያልቅ ነበር። ነጠላዋን አስተካከለች፣ ከወንበሩ ላይ ቦርሳዋን አነሳች፣ መልአክን ትከሻው ላይ መታ መታ አደረገችው።

“ፌኔት” አለቻት፣ በሩ ሥር ጎንበስ እያለች፣ “ከሥራ ስወጣ ወደዚህ ነው የምመጣው። መኝታ አዘጋጂልኝ።”

“እሺ፣ እትዬ” አለች ፌኔት።

በሩ ሥር ብርሃን ገብቶ ወጣ። ፌኔት የማሃሙድን ሸሚዝ ይዛ መኪናው ላይ ተቀመጠችና ቀኝ ፊቱን መፍታት ጀመረች። መልአክ በርጩማው ላይ ነበር። እኔ የተበተኑትን ቁልፎች ረግጬ ቆሜያለሁ፤ ተቀመጥ ያለኝም፣ ውጣ ያለኝም የለም።